ልጃችሁ ውትድርና ልግባ ሲላችሁ

ንግግሩን በጽሑፍ የያዛችሁ አንባቢዎችም እንደ ልማዳችን ቀስ እያላችሁ ተከተሉ። የሚያስቸግር ቃል ሲመጣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አንብቡት። አንቸኩልም።

የዛሬው ጉዳያችን ውትድርና ነው። የምንናገረውም በአሜሪካን አገር ለምትኖሩ ወላጆች ነው። ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሷል እንበል። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትመለሱ፣ ገና ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ «እማዬ፣ የአሜሪካን ጦር ልገባ ነው» ይላል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተቀምጧል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ገጽ ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል?

ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። አይፈረድባቸውም። በአገራችን በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት እንዲያገለግል ታዘዘ። በዚያ ዘመን የጎረቤት ልጅ ታፍሶ ሲወሰድ ያየ ሰው፣ «ውትድርና» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሆዱ ቢረበሽ አያስደንቅም። የአሜሪካኑ አሠራር ግን ሌላ ነው። ይሻላል ለማለት አይደለም፤ ይብሳል ለማለትም አይደለም። ሌላ ነው። የድሮውን ፍርሃት ለአንድ አፍታ እናስቀምጠውና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አሜሪካ ወጣትን በግዴታ ለጦር መመልመል ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ ጦሩ ውስጥ የሚገባው በፈቃዱ የፈረመ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሰውን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ፣ ዜጋም ይሁን ግሪን ካርድ የያዘ፣ ስሙ «ሰለክቲቭ ሰርቪስ» በሚባል መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሕግ ያዛል። ይህ መዝገብ ውትድርና አይደለም። አንድ ቀን ግዴታው ቢመለስ ማን እንዳለ እንዲታወቅ የተያዘ የስም ዝርዝር ነው። ስለዚህ በዚህ ስም ደብዳቤ ቢመጣላችሁ፣ ልጄ ሊወሰድ ነው ብላችሁ አታልቅሱ። ደብዳቤውን ግን አትጣሉት። መመዝገቡን ማስረዳት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ወጣቶችን የሚያሰባስበው ሰው «ሪክሩተር» ይባላል። እኛ መልማይ እንበለው። እሱ ራሱ ወታደር ነው። ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ ሱቆች በተደረደሩበት ቦታ፣ ከፀጉር ቤትና ከምግብ ቤት ጎን ነው። ትምህርት ቤትም ይመጣል። «የልጄን ስልክ ከየት አገኘው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪውን ስም፣ አድራሻና ስልክ ለመልማዮች እንዲሰጥ የሚያዝ ሕግ አለ። ነገር ግን ወላጅ አትስጡብኝ ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ አይሰጥም። ልብ በሉ፤ በጽሑፍ ነው። በአፍ መንገር አይበቃም።

መልማዩ ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል። ቡና አፍሉለት፤ እንግዳ ነው። ጨዋና ሰው አክባሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሁን እንጂ ሥራው ወጣት ማምጣት መሆኑን አትርሱ። ውሸታም ነው አላልንም። ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጥሩ ጥሩውን ከፊት እንደሚደረድር ሁሉ፣ እሱም ደመወዙን፣ ኮሌጁን፣ ጉዞውን ከፊት ያስቀምጣል። ከኋላ ያለውን የሚጠይቀው ወላጅ ነው።

ማን መግባት ይችላል? 18 ዓመት የሞላው በራሱ ፊርማ ይገባል። 17 ዓመት የሆነው ደግሞ የወላጆቹ ፊርማ ያስፈልገዋል። አሳዳጊዎቹ አባትና እናት ሁለቱም ከሆኑ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ያለ እናንተ ፊርማ የ17 ዓመት ልጅ ማንም ሊወስደው አይችልም። ዜግነት የግድ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይገባል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ልጅ ግን አይቀበሉትም። ሴት ልጅም እንደ ወንዱ ትገባለች፤ በእግረኛ ጦርም ቢሆን።

ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ የእኛን ሰዎች የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። የልደት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ወሩና ቀኑም አይገጥምም። በልደት ወረቀቱ ላይ አንድ ቀን፣ በግሪን ካርዱ ላይ ሌላ ቀን ከሆነ ጉዳዩ ይጓተታል። ስምም እንዲሁ ነው። «ጸጋዬ» በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሌላው ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩ። እንግሊዝኛ ባታውቁም ፊደሉ አንድ መሆኑንና አለመሆኑን በዓይን ማየት ትችላላችሁ።

ከዚያ ፈተና አለ። ፈተናው «አዝቫብ» ይባላል። ዋናው ክፍል የሒሳብና የእንግሊዝኛ ቃላት ዕውቀት፣ እንዲሁም አንብቦ መረዳት ነው። ወደ ምድር ጦሩ ለመግባት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ ቢያንስ 31 ማግኘት ይጠበቅበታል። 31 ሲባል ከመቶ ጥያቄ ሠላሳ አንዱን መለሰ ማለት አይደለም። ከመቶ ወጣቶች ጋር ቢሰለፍ ከሠላሳ አንዱ እኩል ወይም የበለጠ ሠራ ማለት ነው። የወደቀ ልጅ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ መፈተን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ጥቂት ነጥብ የጎደላቸውን ልጆች በደቡብ ካሮላይና በፎርት ጃክሰን ውስጥ ትምህርት እየሰጡ የሚያበቁበት ኮርስ ተከፍቷል። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ልጅ የሚመርጠው ሥራ ይበዛል። ስለዚህ ልጁ ተጣድፎ ከሚፈተን ሁለት ወር አጥንቶ ቢፈተን ይሻላል። መልማዩ ይቸኩል ይሆናል፤ ልጃችሁ ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ምርመራው የሚደረገው «ሜፕስ» በሚባል ጣቢያ ነው። በሜሪላንድ ያለው ጣቢያ በፎርት ሚድ ይገኛል። ልጁ ማታ ሆቴል ያድርና ገና ጎሕ ሳይቀድ ይቀሰቀሳል። ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ደሙ፣ ሽንቱ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር እንንገራችሁ። የነበረ ሕመም አይደበቅ። «አስም ነበረብኝ አትበል» የሚል ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው ለልጃችሁ አያስብም። የቀድሞ የሕክምና መዝገብ ዛሬ በኮምፒዩተር ይታያል። ደብቆ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል፤ የሚጠየቀውም የፈረመው ልጅ ነው እንጂ ደብቅ ያለው ሰው አይደለም። ከእኛ አገር ለመጡ ልጆች ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ነገር አለ። በደሙ ወይም በቆዳው ምርመራ የነቀርሳ ምልክት ታይቶበት መድኃኒት ወስዶ ከጨረሰ፣ መጨረሱን የሚያስረዳ ወረቀት ከሐኪም ይዞ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስካሁን የሰማችሁትን ብትረሱ እንኳ ይህን አትርሱ። ውሉ።

የውሉ ወረቀት «ዲዲ ፎርም 4» ይባላል። በአራት ቁጥር ታውቁታላችሁ። ይህ ወረቀት በልጃችሁና በአሜሪካ መንግሥት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ከኋላው ተቀጽላ ወረቀቶች ይያያዛሉ። ልጁ የሚሠራው ሥራ፣ የሚያገለግልበት ዘመን፣ የሚሰጠው የማበረታቻ ገንዘብ በነዚህ ላይ ይሰፍራል። ታዲያ ወረቀቱ ራሱ በግልጽ የሚናገረው ነገር አለ። በዚህ ወረቀትና በተቀጽላዎቹ ላይ ካልተጻፈ በቀር፣ ሌላ ማንም ሰው የገባለት ቃል አይጸናም፤ መንግሥትም አይፈጽመውም ይላል። አንብባችሁ እለፉት ብለው በትንሽ ፊደል የደበቁት ነገር አይደለም። በጉልህ ተጽፏል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? መልማዩ «ነርስ ትሆናለህ» ብሎ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምግብ አብሳይ ከሆነ፣ ልጁ ምግብ አብሳይ ነው። «ሃያ ሺህ ዶላር ይሰጥሃል» ተብሎ በወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ገንዘቡ የለም። «ከቤትህ አጠገብ ትመደባለህ» የሚለውም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሥራ በቁጥርና በፊደል የተሰየመ ምልክት አለው። እግረኛ ወታደር 11ቢ ነው። የጦር ሜዳ ሕክምና ረዳት 68ደብልዩ ነው። ከባድ መኪና ነጂ 88ኤም ነው። ምግብ አብሳይ 92ጂ ነው። ልጁ የፈለገውን ሥራ ምልክት በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉትና ከውሉ ጋር አስተያዩት። ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ አያቅተውም። ካልገጠመ አይፈረም። ልጁ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መምጣት ይችላል፤ ማንም አይዘውም።

ሁለተኛው ነገር የዘመኑ ቁጥር ነው። ልጁ «ለአራት ዓመት ነው የገባሁት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የመጀመሪያ ውል የሚፈርም ሰው ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው። አራቱን በሥራ ላይ ካገለገለ፣ የቀረውን አራት ዓመት ስሙ በተጠባባቂነት ይያዛል። በዚያ ጊዜ ቤቱ ይኖራል፣ ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ይማራል፤ ሆኖም ጦርነት ቢነሣ ሊጠራ ይችላል። ጦርነት ላይ እያለ አራቱ ዓመት ቢያልቅም ሊያቆዩት ይችላሉ። ይህም በወረቀቱ ላይ አለ። ስንት ወጣት ነው ይህን ሳያነብ የፈረመ!

ሦስተኛው፣ የመቆያ ጊዜ ነው። ልጁ በፈረመ ማግሥት አይሄድም። ውሉን ፈርሞ፣ እጁን አንሥቶ ቃለ መሐላ ፈጽሞ፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ቤቱ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐሳቡን ቢለውጥስ? መቅረት ይችላል። «አልሄድም» ብሎ ምክንያቱን በአጭር ደብዳቤ ጽፎ መላክ ነው። «ትታሠራለህ»፣ «ዜግነት አታገኝም» እያለ የሚያስፈራራ ሰው ቢመጣ እውነት አይደለም። ወደ ማሠልጠኛው በሚሄድበት ቀን ግን እንደገና ይምላል። ያ ሁለተኛው መሐላ ነው ማሠሪያው። ከዚያ በኋላ እንደ ሌላ ሥራ «ለቅቄያለሁ» ብሎ መውጣት የለም። ጠፍቶ ቢሄድ በወታደር ሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ ልጃችሁን አጥብቃችሁ መጠየቅ ያለባችሁ በሁለቱ መሐላዎች መካከል ባለው ጊዜ ነው። «በእውነት ትፈልጋለህ? ወይስ ጓደኛህ ስለገባ ነው? ወይስ እኛን የቤት ኪራይ ለማገዝ ነው?» በሉት። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። እናቱ ሁለት ሥራ ስትሠራ እያየ ያደገ ልጅ፣ ሳይናገር ራሱን ይሰጣል። ጠይቁት። መልሱንም ዝም ብላችሁ ስሙት።

ሂድ ብላችሁ ከመረቃችሁት፣ ከመሄዱ በፊት አንድ የሚሠራ ሥራ አለ። ስማችሁን ማስተካከል። ወታደር ሲገባ አንድ አደጋ ቢደርስበት ለማን ይነገር የሚል ቅጽ ይሞላል። ያም «ዲዲ ፎርም 93» ነው። ደግሞም የሕይወት መድን አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከፍተኛው መጠን 500,000 ዶላር ነው። ልጁ እኔ ብሞት ይህ ገንዘብ ለእገሌ ይሁን ብሎ ስም ይጽፋል። እንግዲህ በአሜሪካን አገር እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ተብሎ ይታሰባል። በእኛ ግን ልጁ በአባቱ ስም፣ እናቲቱ በራሷ አባት ስም ትጠራለች። ልጁ «እማዬ» ብሎ የሚያውቃትን እናት በችኮላ በተሳሳተ ስም ቢጽፋት፣ ኋላ እናትነቷን ለማስረዳት ወረቀት ይዛ ስትንከራተት ትኖራለች። ስለዚህ ስማችሁን በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ፣ ከስልካችሁና ከአድራሻችሁ ጋር በወረቀት ጻፉና ይዞት ይሂድ። ቤት ስትለውጡ አሳውቁት። ስለ ሞት ማውራት ሟርት ይመስለናል፤ ልጅ በሚሸኝበት ቀንማ ይብስብናል። ግን ወረቀቱ ይሞላ።

የመጀመሪያው ሥልጠና አሥር ሳምንት ነው። ቦታው ደቡብ ካሮላይና ፎርት ጃክሰን፣ ወይም ሚዙሪ፣ ወይም ኦክላሆማ፣ ወይም ጆርጂያ ሊሆን ይችላል። እግረኛ ወታደር የሚሆነው ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ ይሄድና 22 ሳምንት በአንድ ቦታ ይሠለጥናል። እንደ ደረሰ ስልክ ይደውላል። ያ ስልክ ያስደነግጣችኋል፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። ድምፁ የተጣደፈ ነው፤ «ደርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ፣ አድራሻዬን እልካለሁ» ብሎ ይዘጋል። ተቆጥቶ አይደለም፤ ታሞም አይደለም። ከኋላው ሌላው ተራ እየጠበቀ ነው። ከዚያ ስልኩ ይሰበሰባል። በሳምንት አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ይደውል ይሆናል፤ ሳይደውል ሁለት ሦስት ሳምንት ሊያልፍም ይችላል። ዝምታው ክፉ ወሬ አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀጉሩ ይላጫል፣ ክትባት ይወጋል፣ ልብስና ጫማ ይለካል። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ቆርቆሮ ይሰጠዋል፤ ስሙ፣ የደሙ ዓይነትና ሃይማኖቱ ተቀርጾበታል። ከዚያ አሠልጣኙ ይረከበዋል። አሠልጣኙ ሰፊ ባርኔጣ ያደርጋል፤ ይጮኻል። መጮኽ ይፈቀድለታል፤ መማታት ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ልጁ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይነሣል። ይሮጣል፣ ይሰለፋል፣ አልጋውን እንደ ብራና ወጥሮ ያነጥፋል። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም፣ ማነጣጠር፣ የቆሰለ ሰው ደም ማቆም፣ በካርታና በኮምፓስ መሄድ ይማራል። አስለቃሽ ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ጭምብሉን አውልቆ ስሙን ይናገራል፤ ዓይኑም አፍንጫውም ይፈሳል፤ ከወጣ በኋላ ይስቅበታል። በመጨረሻ አራት ቀንና ሦስት ሌሊት ሜዳ ወጥቶ፣ ከባድ ሸክም ተሸክሞ፣ ትንሽ ተኝቶ የተማረውን ሁሉ ይፈተናል።

እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የጉልበቱ ፈተና አምስት ነገር ነው፤ ከባድ ብረት ማንሣት፣ ደረት ላይ ተኝቶ መነሣት፣ ሸክም እየጎተቱና እየተሸከሙ መሮጥ፣ በክርን ተደግፎ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት፣ ሁለት ማይል መሮጥ። ሁለት ማይል ሦስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ገደማ ነው። ከመሄዱ በፊት ሦስት ወር ቢሮጥ እግሩ አይሰበርም። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ሶፋ ላይ ከርሞ በቀጥታ የሚሄድ ልጅ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የወደቀ ልጅ ሳምንቶቹን ሊደግም ይችላል፤ ከነጭራሹ የማይሆንለትም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቢመለስ በሩን ክፈቱለት። ያጠፋው ነገር የለም።

ጾምና ጸሎትስ? የኦርቶዶክስም የእስላምም ወላጆች ይህን ይጠይቃሉ። በጦሩ ውስጥ የሃይማኖት አገልጋዮች አሉ፤ ለጸሎትም ጊዜ ይሰጣል። ለሃይማኖት አገልጋዩ የተነገረ ምሥጢር ለአለቃ አይነገርም፤ ልጁ ጭንቀት ሲይዘው ሊነግረው የሚችለው ሰው ይህ ነው፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው ቢሆንም። ነገር ግን በሥልጠና ላይ እንደ ቤት መጾም ከባድ ነው። ምግቡ በሰዓት ነው፤ ሥራው ጉልበት ይጨርሳል። የታሸገው የሜዳ ምግብ ሥጋ የሌለበትም አለው፤ ግን ወተትና እንቁላል የለበትም ማለት አይደለም። ከመሄዱ በፊት ከነፍስ አባቱ ወይም ከሸኹ ጋር ይማከር።

ሴት ልጅ ለላካችሁ ደግሞ አንድ ነገር አክለን እንለፍ። በጦሩ ውስጥ ሴቶችን የሚደፍሩና የሚያስቸግሩ ሰዎች መኖራቸውን ጦሩ ራሱ አልካደም፤ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የቆመ ክፍል አለው። ይህ በወንድ ልጅም ላይ ይደርሳል። አቤቱታው በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው ምርመራ የሚያስጀምር ነው። ሁለተኛው ምሥጢር ሆኖ ሕክምናና ምክር ብቻ የሚሰጥበት ነው። ልጃችሁ ሁለቱ መንገዶች እንዳሉ ዐውቃ ትሂድ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ቤቷ ደውላ ብትነግራችሁ አታፍሩባት።

ከሥልጠናው በኋላ የሥራ ትምህርት ይከተላል። የሕክምና ረዳቱ ወደ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ፣ ነጂው ወደ ሚዙሪ፣ ምግብ አብሳዩ ወደ ቨርጂኒያ ይሄዳል። ከዚያ ምድብ ነው፤ በአሜሪካ፣ ወይም በጀርመን፣ ወይም በኮሪያ። የቃኘው ሻለቃ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ከአሜሪካኖች ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው የተዋጉት እዚያ ኮሪያ ነበር። ልጁ እዚያ ቢመደብ አያቶቹን የሚያውቅ አገር ያገኛል።

ደመወዝን በአጭሩ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጨረሻው ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር በወር ከ2,300 ዶላር በላይ ነበር፤ ግብር ይቀነስበታል። መኝታ፣ ምግብና ሕክምና ከመንግሥት ነው። የሚከፈለው በወር ሁለት ጊዜ ነው። በዓመት 30 ቀን ፈቃድ አለው። በጦር ሰፈሩ ደጃፍ የተደረደሩ መኪና ሻጮች ግን ይጠብቁታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ደመወዝተኛ፣ የትም የማይሸሽ! በከፍተኛ ወለድ መኪና እንዳይገዛ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሥራ ላይ ያገለገለ ደግሞ፣ መልካም ስንብት ካገኘ፣ የሦስት ዓመት ከስድስት ወር ሳይሆን ሠላሳ ስድስት ወር የሚሆን የኮሌጅ ክፍያ ያገኛል፤ ይህም ለአራት የትምህርት ዓመት ያህል ይበቃል። ለመንግሥት ኮሌጅ ክፍያውን ይሸፍናል፤ ለቤት ኪራይም ይሰጣል። ብዙዎች የሚገቡት ለዚህ ነው፤ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም።

ዜግነትን በተመለከተ አንድ ስሕተት ይነገራል። «ወታደር ከሆነ በራሱ ዜጋ ይሆናል» ይባላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 መስከረም ወዲህ ያገለገለ ወታደር እንደ ሌላው ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል፤ የማመልከቻ ገንዘብም አይከፍልም። ግን ማመልከት አለበት። ቅጹን ሞልቶ፣ ማገልገሉን በአለቃ አስፈርሞ መላክ አለበት። ዜጋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር እያሉ ሳያመለክቱ የቀሩ፣ ኋላም በወንጀል ተከስሰው ከአገር የተባረሩ የቀድሞ ወታደሮች አሉ። ደግሞ በመጥፎ ስንብት ከወጣ፣ አምስት ዓመት በመልካም ካላገለገለ፣ የተሰጠው ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል።

ጦርነትስ? እናት የምትጠይቀው መጀመሪያ ይህንን ነው፤ እኛ ወደ መጨረሻ ያመጣነው ለማስረሳት አይደለም። አብዛኛው የጦሩ ሥራ ጥገና፣ ስንቅ፣ ሕክምና፣ ጽሕፈት ነው። ሆኖም ሁሉም ወታደር ነው፤ ታዘዝ ሲባል ይሄዳል። በኢራቅ ጦርነት ከ4,400 በላይ፣ በአፍጋኒስታን ደግሞ ከ2,300 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ መኪና ነጂዎችም ነበሩ። «የኔ ልጅ ሥራው ቢሮ ነው» ብሎ መጽናናት ይቻላል፤ ዋስትና ግን አይደለም። የወታደር ሞት ለቤተሰብ የሚነገረው የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቤት መጥተው ነው። «ልጅህ ቆስሏል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ስልክ ቢመጣ ሌባ ነው፤ ዝጉት። በተቃራኒው እናንተ ቤት ሞት ወይም ከባድ ሕመም ቢኖርና ልጁ እንዲመጣ ብትፈልጉ፣ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል በ1-877-272-7337 ደውሉ። ነገሩን አጣርተው ለአለቃው ያደርሳሉ። የልጁን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ያለበትን ክፍል ይጠይቋችኋል፤ ስለዚህ ይህንንም ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት።

አድራሻው ሲመጣላችሁ ደብዳቤ ጻፉለት። በማሠልጠኛው ውስጥ ከደብዳቤ የበለጠ የሚጠበቅ ነገር የለም። ማታ ስም እየተጠራ ሲታደል፣ ስሙ ያልተጠራ ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይወለውላል። ፖስታው ላይ አድራሻውን በእንግሊዝኛ፣ እሱ እንደላከው፣ ፊደል ሳታጎድሉ ገልብጡ። በውስጡ ግን በአማርኛ ጻፉ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ ፊደሉ ቢወላገድ አትጨነቁ። ቤቱ ደኅና መሆኑን፣ እኅቱ ፈተና ማለፏን፣ ጎረቤት ሰላም ማለቱን ጻፉለት። ድፎ ዳቦና ቆሎ አትላኩ፤ ምግብ ከጥቅሉ ውስጥ ተወስዶ ይጣላል። በቀኝ በኩል ከላይ ቴምብር ይለጠፋል፤ በግራ በኩል ከላይ የራሳችሁ ስምና አድራሻ ይጻፋል።